ማዕበሉ ወንድና ሴት አልለየም፤ ታዲያ ለምን እህቶቻችን በዙ?



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2004) እሑድ ጠዋት በኢንዶኔዢያ ሱማትራ ደሴት አጠገብ ከባሕር በታች መጠኑ 9.1 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ «የመካ በረንዳ» የምትባለውን የሙስሊሞች ምድር አቼን ሱናሚ አጥለቀለቃት። በየአገሩ ከ220 ሺህ ሰው በላይ አለቀ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

ከሦስት ወር በኋላ ኦክስፋም የተባለው የእርዳታ ድርጅት በአቼ ቤሳር አራት መንደሮችን ቆጠረ። ከተረፉት 676 ሰዎች ሴቶቹ 189 ብቻ ነበሩ!

ለምን? ብዙ ወንዶች ዓሣ ሊያጠምዱ ባሕር ላይ ነበሩ። ሱናሚ ጥልቅ ውሃ ላይ ከፍታው ትንሽ ስለሆነ በጀልባ ሥር ያልፋል፤ የሚገድለው ዳርቻ ሲደርስ ነው። ሌሎቹም ለሥራ ወጥተው ነበር። ሴቶቹ ግን ቤት ነበሩ። ውሃው ሲመጣ ልጅ አቅፈው፣ አዛውንት ደግፈው መሮጥ ነበረባቸው። ዋናና ዛፍ መውጣት ደግሞ የሚለምደው ወንዱ ነበር።

«ሂጃባቸው ነው የገደላቸው» የሚል አይጠፋም። አብዛኛው ነዋሪ ሂንዱ በሆነበት በሕንድ ኩዳሎር አውራጃም በዚያው ሱናሚ 391 ሴቶችና 146 ወንዶች ሞተዋል። ስለዚህ ነገሩን በሃይማኖት ማሳበብ አያስኬድም። የለየው ማን የት ዋለ፣ ማን ምን ተማረ የሚለው ነው።

ለዚህ የሲሙሉ ደሴት ምስክር ናት። ሕዝቧ እ.ኤ.አ. በ1907 ከደረሰበት ሱናሚ ወዲህ «ምድር ተንቀጥቅጦ ባሕሩ ከሸሸ ወደ ኮረብታ ሩጡ» የሚለውን ትምህርት ለወንድ ለሴቱ፣ ለትንሽ ለትልቁ ሲያወርስ ኖረ። በ2004 ደሴቲቱ ለመንቀጥቀጡ ቅርብ ሆና ሳለ ከአሥር ሺዎች ነዋሪዎቿ የሞቱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሱብሓነላህ!

«ቀደር ነው» ብለን እንዳናልፈው። ዑመር (ረ.ዐ) ወረርሽኝ ወደገባበት ሻም ላለመግባት ሲመለሱ «ከአላህ ቀደር ትሸሻለህ?» ተብለው ተጠይቀዋል። ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ ነበር መልሳቸው። በውሃ ሰምጦ የሞተ ሙእሚን ሸሂድ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ይህ ለሟች ቤተሰብ መጽናኛ ነው፤ ለእኛ ግን የስንፍና ምክንያት አይሆነንም።

ወንድሜ ሆይ! ጎርፍ ቢመጣ፣ ቤት ቢቃጠል እናትህና እህትህ በየት እንደሚወጡ ያውቃሉ? አንተ የተማርከውን ለእነሱ አስተምረሃል? ሕፃኑን የሚሸከመውስ ማን ነው? ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ተነጋገሩበት።

ወላሁ አዕለም።