የሥነ ልቦና ሕክምና ምንድን ነው? ለታካሚዎችና ለቤተሰቦች የቀረበ መረጃ

ሐዘን፣ ጭንቀትና ተስፋ መቁረጥ በማንኛውም ሰው ላይ ሊደርሱ ይችላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከቤተሰብና ከጎረቤት ጋር በመነጋገር እየቀለሉ ይሄዳሉ። ስሜቱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ከቆየና የዕለት ሥራዎን ካስተጓጎለ ግን ሊታከም የሚችል የጤና ችግር ሊሆን ይችላል። የቅርብ ሰው ሲሞት ሐዘኑ ከዚህም በላይ መቆየቱ የተለመደ ነው፤ ሆኖም ቀናት ባለፉ ቁጥር እየከበደ ከመጣ ምክር ይጠይቁ።

በመካነ ሰላምና በአካባቢው ባሉ የደቡብ ወሎ ደጋማ ቀበሌዎች የሚኖሩ ከሆነ፣ እርዳታ ለማግኘት የግድ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግዎትም። መጀመር የሚችሉት በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ነው።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

• እንቅልፍ ማጣት ወይም ከመጠን በላይ መተኛት
• የምግብ ፍላጎት መቀነስ
• ይወዱት የነበረውን ነገር መጥላት፣ ከሰው መራቅ
• ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ቶሎ መቆጣት
• ራስን ጥፋተኛ ወይም ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየት

ብዙ ሰው ወደ ጤና ተቋም የሚመጣው «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ይመታል» ወይም «ሰውነቴ ዛለ» ብሎ ነው። ይህን ብቻ ከተናገሩ የማስታገሻ መድኃኒት ብቻ ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ። ስለዚህ «እንቅልፍ የለኝም፤ ሁልጊዜ ይከፋኛል፤ ከጀመረኝ ይህን ያህል ጊዜ ሆነኝ» ብለው ይጨምሩ። ባለሙያው መንስኤውን የሚለየው ሁሉንም ሲሰማ ነው።

የሥነ ልቦና ሕክምና እንዴት ይሰጣል?

የሥነ ልቦና ሕክምና ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጥ ሕክምና ነው። ከወዳጅ ምክር የሚለየው ዓላማ፣ ቀጠሮና የተፈተነ ዘዴ ስላለው ነው። ባለሙያው ጥያቄ እየጠየቀ ያዳምጥዎታል፤ የትኛው ሐሳብና የትኛው ልማድ ችግሩን እንደሚያባብስ አብራችሁ ትለያላችሁ፤ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የሚሠሩት ትንሽ ተግባርም ይሰጥዎታል። የነገሩት ነገር በምስጢር ይያዛል፤ የእርስዎ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ግን ባለሙያው ሌሎችን ሊያሳውቅ ይችላል።

ሕክምናው ሁልጊዜ ረጅም ጊዜ አይወስድም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመው አንድ የአጭር ጊዜ ሕክምና በ5 ሳምንታዊ ቀጠሮዎች የሚያልቅ ነው። ታካሚው በዝግታ መተንፈስን፣ ችግርን ከፋፍሎ መፍታትን፣ ያቋረጠውን ሥራ ጥቂት በጥቂት መጀመርንና ከሰው ጋር መቀራረብን ይማርበታል።

ሕመሙ ከበድ ሲል መድኃኒትም ሊታዘዝ ይችላል። የድብርት መድኃኒት ለውጡ መታየት የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ «አልሠራልኝም» ወይም «ተሽሎኛል» ብለው ሐኪሙን ሳያማክሩ አያቋርጡት።

ወዴት ልሂድ?

በቅድሚያ የቀበሌዎን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ጤና ጣቢያዎን ያነጋግሩ። ከዚያ ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ደሴ ሪፈር ሊባሉ ይችላሉ። ሆስፒታል ሲደርሱ «የሳይካትሪ ነርስ ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማግኘት እፈልጋለሁ» ይበሉ። አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ላይ የተለየ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው እዚያ ሳይደርስ ይሻለዋል።

ጸበልና ዱዓ ላይ ነኝ፤ መታከም እችላለሁ?

አዎ። እምነትዎ ብርታት ከሰጠዎት ይቀጥሉበት፤ ሕክምናውንም ጎን ለጎን ይከታተሉ። ጸበል ሲጠመቁ መድኃኒትዎን ይዘው ይሂዱ፤ በጾም ወቅትም የሚወስዱበትን ሰዓት ከባለሙያ ጋር ያስተካክሉ።

በቤትዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

• በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይተኙ፤ ይነሡም። ማታ ቡና አይጠጡ።
• ጭንቀት ሲይዝዎት በአፍንጫዎ በዝግታ አየር ይሳቡ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ያስወጡ። ይህን ለጥቂት ደቂቃ ይድገሙት።
• በቀን አንድ ትንሽ ሥራ ይምረጡና ይፈጽሙ፤ በእግር መሄድም ይሆናል።
• ባይፈልጉም እንኳ ቡና ሲጠሩ፣ እድርና ማኅበር ሲኖር ብቅ ይበሉ።
• ጭንቀትን ለመርሳት ብለው አረቄ አይጠጡ፤ ጫትም አይቃሙ። ሁለቱም እንቅልፍን ያውካሉ፤ ሐዘኑንም ያብሳሉ።

ለቤተሰብ

«በርታ እንጂ፤ ምን ጎደለህ?» ማለት የታመመውን ሰው ይበልጥ ዝም ያሰኘዋል። ይልቁንስ «ምን እየተሰማህ ነው?» ብለው ይጠይቁና ሳይቸኩሉ ያዳምጡት። በቀጠሮው ቀን አብረውት ይሂዱ። ምስጢሩን ለጎረቤት አያውሩ። እርስዎም ሲደክምዎት ተራ የሚቀበልዎት ሰው ይፈልጉ።

አስቸኳይ እርዳታ መቼ ያስፈልጋል?

አንድ ሰው «ብሞት ይሻለኛል» ካለ፣ ንብረቱን ማደል ወይም ሰውን መሰናበት ከጀመረ በቀላሉ አይዩት። ራሱን ለመጉዳት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቅዎ ሐሳቡን አያስገባበትም። ብቻውን አይተዉት። የእህል ፀረ ተባይ መድኃኒት፣ መሣሪያና ገመድ ከአጠገቡ ያርቁ፤ ፀረ ተባይ መድኃኒቱንም ከቤት ያስወጡ ወይም ይቆልፉበት። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዱት። መርዝ ጠጥቶ ከሆነ ለማስታወክ አይሞክሩ፤ የጠጣበትን ዕቃ ይዘው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።