የካቲት 1933፣ ቡሬ፦ ከጦርነቱ በላይ የነበረው ማዕበል

የካቲት 1933 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ቡሬ በጦርነት ተወጥራ ነበር። በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከበላያ ተነሥቶ የኢጣሊያን ምሽጎች እያጠቃ ነበር። በጦሩ ውስጥ የኢትዮጵያና የሱዳን ወታደሮች ነበሩበት። የጎጃም አርበኞች፣ እነ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ፣ ጠላትን ለዓመታት እንቅልፍ ነስተውታል። የካቲት 25 የኮሎኔል ናታሌ ጦር ቡሬን ለቆ በማንኩሳ በኩል ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። ዛሬ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስንጓዝ የምንሄደው በዚያው አቅጣጫ ነው።

ይህን ብዙዎቻችን እናውቃለን። በዚያው ሳምንት ከተዋጊዎቹ ራስ በላይ የሆነውን ግን ሲተርኩልን አልሰማሁም።

የካቲት 21፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ፀሐይ ላይ ከባድ ፍንዳታ ደረሰ። ተመራማሪዎች የዘመኑን መዝገቦች መርምረው እንዳሰሉት፣ ከፀሐይ የተወረወረው የጋለ ቁስ በሰከንድ 2,260 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ በማግስቱ ንጋት 1 ሰዓት አካባቢ ምድርን መታ። የምድር መግነጢስ እጅግ ከመናወጡ የተነሣ ከአራት ዋና የመለኪያ ጣቢያዎች የሦስቱ መርፌ ከመመዝገቢያው ወረቀት ወጣ። ማዕበሉ ከፍተኛው ላይ የደረሰው የካቲት 22 ምሽት 1 ሰዓት ገደማ ነው።

የቡሬን ድል ፀሐይ አላመጣችውም፤ ድሉ የተዋጊዎቹ ነው። እንዲህ ያለ ማዕበል የሚያጠቃው ሽቦንና ራዲዮን ነው። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ በዚያን ጊዜ ማታ የሚያየው በምድጃ እሳትና በኩራዝ ስለነበር የሚቋረጥበት መብራት አልነበረውም።

ሽቦ ያለው ሲመታ ምን እንደሚሆን የታየው እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 1989 በካናዳዋ ኩቤክ ነው። የምድር መግነጢስ ሲናወጥ መሬት ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነሣል፤ ያ ኤሌክትሪክ ረጃጅም መስመሮችን መንገድ አድርጎ በትራንስፎርመሮች በኩል ይገባል። የኩቤክ መስመር በ90 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ወደቀ፤ 6 ሚሊዮን ሰው ለ9 ሰዓት ያህል ጨለማ ውስጥ ቆየ።

«ይህ የበረዶ አገር ችግር ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ወደ ዋልታዎቹ በቀረቡ አገሮች ነው። እኛ ግን ሌላ ነገር አለብን። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል። በእሱ ላይ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን ትልቅ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ማዕበሉ ሲደርስ ይህ ጅረት የመግነጢሱን መናወጥ ያጎላዋል።

ይህን ለማጥናት እኛ ዘግይተን የጀመርን አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1957-58 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲካሄድ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመግነጢስ መለኪያ ጣቢያ ተቋቁሟል፤ ሥራውን የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒዬር ጉዋን ነበሩ። ዛሬም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋሸራ የተባለ የጠፈርና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ አለው።

አሁን ሽቦውም አለን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ኃይሉን የሚልከው በ500 ኪሎ ቮልት ረጅም መስመር ነው። ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ የተዘረጋው መስመርም 1,045 ኪሎ ሜትር ይረዝማል።

ፍኖተ ሰላም ላይ በክረምት መብራት በሄደ ቁጥር ግን ፀሐይ ላይ አናላክክ። የበሰበሰ ምሰሶ፣ የወደቀ ዛፍና ከአቅም በላይ የተጫነ ትራንስፎርመር የእኛው የቤት ሥራዎች ናቸው። ማንም ባለሥልጣን ሰበብ እንዲያደርጋት አንፍቀድ።

የምለው ሌላ ነው። የፀሐይ ማዕበል አብዛኛውን ጊዜ ምድር እስኪደርስ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይወስድበታል። ያኔም ከ18 ሰዓት በላይ ወስዶበታል። ሰዓታት ደግሞ ብዙ ናቸው፦ መስመር ላይ ያለውን ጫና ለመቀነስ፣ የጥገና ሥራን ለማዘግየት፣ ተረኛ ባለሙያ ለማዘጋጀት ይበቃሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ማዕበሉን የሚለኩት የዩኒቨርሲቲ ሰዎችና ማብሪያ ማጥፊያውን የያዙት የመብራት ሰዎች አንዱ የሌላውን ስልክ ቁጥር ማወቃቸው ነው። ይህ ብድር አይጠይቅም፤ ግድብ እንደመሥራትም 14 ዓመት አይፈጅም።

በ1933 ቡሬ ላይ የተዋጋው ሰው ከራሱ በላይ የሆነውን ሳያውቅ ቢያልፍ አይወቀስም፤ ጉዳዩ ምድር ላይ ነበር። መሣሪያውም፣ ባለሙያውም፣ ሽቦውም ያለን እኛ ግን ማዕበሉ በመጣ ዕለት «አላወቅንም ነበር» ብንል ማን ያምነናል?