በመከራ ዘመን የጸና እምነት፤ ወለተ ጴጥሮስ በዋልድባ አገር



ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ገደል ወርዶ ሲጨርስ፥ የደጋው ብርድ ቀርቶ የቈላው ሙቀት ይቀበለዋል። ዛሪማ የምትገኘው በዚያ ነው። የከተማይቱ ስም የወንዙም ስም ሲሆን፥ ወንዙ ከስሜን ተራሮች ተነሥቶ ወደ ተከዜ ይወርዳል። በዚያው በቈላው አገር ከጥንት ጀምሮ መናንያን የሚኖሩበት የዋልድባ ገዳም አለ። የዋልድባ መነኮሳት እህል አይቀምሱም፤ ምግባቸው ከሙዝ ሥር የሚዘጋጀው ቋርፍ ነው።

ክርስቲያን ነኝ ማለት በደኅና ቀን ለማንም ቀላል ነው። የእምነት ልክ የሚታወቀው ግን በክፉ ቀን ነው ይባላል። ነገር ግን ክፉ ቀን የምንለው የትኛውን ቀን ነው? ሰይፍ የተመዘዘበትን ቀን ብቻ ነውን? ወይስ ሹመትና ሽልማት ኅሊናን በዋጋ የሚጠይቁበት ቀን ጭምር? ለዚህ ጥያቄ መልስ የምትሰጠን፥ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ወደ ዋልድባና ወደ ጸለምት ወርዳ ያስተማረች አንዲት ኢትዮጵያዊት ሴት ናት።

ወለተ ጴጥሮስ ከመኳንንት ወገን የተወለደች ናት። ባልዋ መልክአ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ አማካሪ ነበር። ክብርና ሀብት አልጐደላትም፤ ሐዘንም አልቀረላትም፤ የወለደቻቸው 3 ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ከዚህ በኋላ ዓለምን ለመተው ቈርጣ ከቤቷ ወጣች፤ ወደ ጣና ሄዳም ጠጕሯን ተላጨች። ባልዋ ግን ተከትሎ ያለችበትን ከተማ ያጠፋ ጀመር። በእርሷ ምክንያት ሕዝብ መጐዳቱን ባየች ጊዜ ምኞቷን ትታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ይህን ነገር ልብ ብለን እንየው፤ የራሷን ጽድቅ በሰው እንባ ልትገዛ አልወደደችም።

በ1609 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያኑ አባት አቡነ ስምዖን የንጉሡን ሐሳብ በመቃወማቸው በጦርነት ላይ ተገደሉ። ባልዋ በዚህ ሞት እጁ እንዳለበት ባወቀች ጊዜ ግን ዳግመኛ ላትመለስ ወጣች፤ የ25 ዓመት ሴት ሳለች መነኰሰች። እንግዲህ ፈተናው በመጀመሪያ የመጣባት ከጠላት ሰፈር አይደለም፤ ከገዛ ቤቷ፥ ከገዛ ማዕዷ ነው። በዚያ ማዕድ ላይ ዝም ብላ መቀመጥ ትችል ነበር፤ የሚጠየቅባት ዋጋም ዝምታዋ ብቻ ነበር።

በ1614 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት መቀበላቸውን በግልጽ አስታወቁ። ንጉሡን ወደዚህ የመራቸው የእምነት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ከፖርቱጋል ወታደራዊ ርዳታ አገኛለሁ የሚል ተስፋም ነበረበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፥ ካህናቱ ዳግመኛ እንዲሾሙ፥ አብያተ ክርስቲያናቱም ዳግመኛ እንዲባረኩ አዘዙ። በአንድ ትእዛዝ የአባቶች ጥምቀት እንደ ከንቱ ተቈጠረ ማለት ነው። አገሩም በያለበት ታወከ።

ወለተ ጴጥሮስ በንጉሡ ሸንጎ ቀርባ ከሞት ከተረፈች በኋላ ወደ ሰሜን ሄዳ በዋልድባና በጸለምት ተቀመጠች። ነገር ግን ወደ በረሓ የወረደችው ለመደበቅ አልነበረም፤ ሕዝቡ የአባቶቹን እምነት እንዳይለቅ በግልጽ ታስተምር ነበር። ስለዚህም እንደ ገና ተይዛ ለፍርድ ቀረበች። ንጉሡ ሊገድሏት ባሰቡ ጊዜ የለመነላት ያ የተወችው ባልዋ ነው። በእርሱም ምልጃ ሜንዴዝ እንዲያስተምሯት ተሰጠች፤ አንድ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ቢያስተምሯትም ሐሳቧን አልለወጠችም። በመጨረሻ ዛሬ በሱዳን ክልል ወደሚገኘው ዠባይ ወደሚባል አገር ለ3 ዓመት ተጋዘች። ወደ ግዞቱም ተከትለዋት የሄዱ ነበሩ። የመጀመሪያውን ማኅበር ያቋቋመችው በዚያ በግዞት ምድር ነው፤ በኋላም ማኅበሮቿ 7 ደረሱ።

በዚህ መካከል ንጉሡ ከላስታ ዐመፀኞች ጋር ብዙ ጊዜ ተዋጉ። በ1624 ዓ.ም. በተደረገው በመጨረሻው ታላቅ ጦርነት ድል ቢያደርጉም፥ በሜዳው ላይ የተረፈረፈው ሬሳ የሌላ አገር ጠላት ሬሳ አልነበረም፤ የገዛ ወገናቸው ነበር። ንጉሡ በሰኔ ወር ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቁ። ከጥቂት ወራት በኋላም ዐረፉ። ሠራዊትና ዐዋጅ ያላቸው ንጉሥ ሊለውጡት ያልቻሉትን የሕዝብ ልብ፥ አንዲት መነኵሲት በቃሏ ስታጸናው እንደ ነበረ ታሪክ ይመሰክራል።

ታሪኩ ግን በዚህ አይፈጸምም፤ ድልም የራሱ ፈተና አለውና። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ቈረቈሩ። በ1630 ዓ.ም. ግን አጋታንጅና ካስያን የሚባሉ ሁለት የካቶሊክ መነኮሳት በዚያችው በጎንደር ከተማ ተሰቅለው ተገደሉ። ትናንት ስለ እምነቱ የተሰደደ ወገን ዛሬ ሥልጣን ሲያገኝ ሌላውን ስለ እምነቱ ከቀጣ፥ ከመከራው የተማረው ምንድን ነው? በአገራችን ያሉት የካቶሊክ ምእመናን ወገኖቻችን ስለ ሆኑ፥ ይህን ታሪክ የምናነሣው ቂም ለማደስ አይደለም፤ ኅሊና በዐዋጅ እንደማይገዛ ለማስታወስ ነው እንጂ።

ወለተ ጴጥሮስ ሰላም ከተመለሰ በኋላ ባለሟልነትን አልፈለገችም። ማኅበሮቿን ስትመራ ኖራ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በ50 ዓመቷ ዐረፈች። ገድሏም ከ30 ዓመት በኋላ፥ በ1665 ዓ.ም. ገላውዴዎስ በሚባል መነኵሴ ተጻፈ።

እንደዚህ ያለው ጽናት በእርሷ ዘመን ብቻ ታይቶ የቀረ አይደለም። በጠላት ወረራ ጊዜ አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙ ቢጠየቁ እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት ተደበደቡ። እርሳቸውም አንድ ቃል ቢናገሩ ሕይወታቸው ይተርፍ ነበር።

አድማጮች ሆይ፤ ከእኛ ብዙዎቻችን በጥይት ፊት አንቆምም፤ ወደ በረሓም አንጋዝም። በጠረጴዛችን ላይ ግን በየቀኑ ወረቀት ይቀርብልናል። ሐሰት መሆኑን እያወቅን የምንፈርመው ቃል፥ ንጹሕ ሰው ሲከሰስ አይተን የምንውጠው ምስክርነት፥ በሌላው ውድቀት የሚገኝ የደረጃ ዕድገት፥ እነዚህ ሁሉ በመልክአ ክርስቶስ ቤት እንደ ነበረው ማዕድ ናቸው። ደመወዝ የሚጠብቁ ልጆች ያሉት ሰው ይህ ፈተና ቀላል ነው አይልም፤ ወለተ ጴጥሮስም ቀላል ነው ብላ አልወጣችም። በመከራ ዘመን ክርስቲያን መሆን ማለት ለእውነት የሚከፈለውን ዋጋ ራስ መክፈል፥ ዋጋውንም በሌላው ላይ አለመጫን ነው።