ለመዝገበ ቃላት የሚስማማ የመረጃ ቋት፤ የኦክስፎርድ ምርጫና ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

የመዝገበ ቃላት ታሪክ ሲጻፍ ስለ ቃላትና ስለ አዘጋጆች ብዙ ይባላል፤ ቃላቱ ስለሚቀመጡበት ዘዴ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ወደ ኮምፒዩተር በተዛወረበት ጊዜ በገበያ ያልተለመደ የመረጃ ቋት ዘዴ ለምን እንደ ተመረጠና ምርጫው በምን እንደ ተደገፈ ነው።

መዝገበ ቃላቱ እ.ኤ.አ. ከ1884 እስከ 1928 በየክፍሉ ታትሞ የተፈጸመ ሲሆን፣ ከ1972 እስከ 1986 ደግሞ አራት ተጨማሪ ጥራዞች ወጥተውለታል። ዋናውንና ተጨማሪውን ለማዋሐድ በ1984 በተጀመረው ሥራ፣ አሜሪካ ውስጥ 120 ያህል ጸሐፊዎች 350 ሚሊዮን ያህል ፊደላትን በኮምፒዩተር ጽፈዋል፤ እንግሊዝ አገር የነበሩ 55 አራሚዎችም አርመዋል። ለማዋሐዱ ሥራ አይ.ቢ.ኤም. መሣሪያና ባለሙያ ሲሰጥ፣ የተዋሐደው ጽሑፍ የሚጠየቅበትን ዘዴ የማጥናቱ ተግባር በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ድርሻ ሆነ።

በዚያን ጊዜ የባለሙያው ሁሉ ዓይን ያረፈው በሠንጠረዥ ላይ በተመሠረተው የመረጃ ቋት ላይ ነበር። ኤድጋር ኮድ በ1970 ሐሳቡን ካቀረበ ወዲህ ታላላቅ ኩባንያዎች ሸቀጥ አድርገውት፣ የባንክና የመጋዘን ሒሳብ በእርሱ ይያዝ ጀምሮ ነበር። የመዝገበ ቃላት ዐምድ ግን የመጋዘን ሒሳብ አይደለም። አንዱ ርእሰ ቃል ሁለት ፍቺ ሲኖረው ሌላው መቶ ይኖረዋል፤ በፍቺ ውስጥ ንዑስ ፍቺ፣ በንዑስ ፍቺ ውስጥ ጥቅስ፣ በጥቅሱ ውስጥ ዓመት፣ ደራሲና የመጽሐፍ ስም አለ። ይህን ሁሉ ቆራርጦ በረድፍና በዓምድ ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን አንዱን ዐምድ እንደ ነበረ መልሶ ለማንበብ በርካታ ሠንጠረዦችን መገጣጠም የግድ ይሆናል።

ጋስቶን ጎኔና ፍራንክ ቶምፓ በ1987 ባቀረቡት ጥናት ጽሑፍ በሰዋስው ሕግ ሊገለጽ እንደሚችል አሳዩ። በዋተርሉ የተሠራው ፓት የተባለው መፈለጊያም ጽሑፉን ሳይቆራርጥ እንዳለ ይይዘዋል። እያንዳንዱ ቃል የሚጀምርበትን ስፍራ እንደ መነሻ ይቈጥራል፤ ከዚያ ጀምሮ እስከ ጽሑፉ ፍጻሜ ያለውን እንደ አንድ ሐረግ ወስዶ፣ መነሻዎቹን ሁሉ በፊደል ተራ ይደረድራል። መቶ ሚሊዮን መነሻዎች ቢኖሩ እንኳ፣ ዝርዝሩን እያጋመሰ ከ27 በማይበልጥ ንጽጽር የተፈለገውን ቃል ወይም ሐረግ ያገኛል።

ሆኖም ገንዘብ የሚከፍል ሰው በሥልተ ስሌት ውበት ብቻ አይረታም። «ባለሙያ ከየት ይገኛል? ሠሪዎቹ ቢበተኑ ማን ይጠግነዋል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ለምርጫው ድጋፍ የሚሆኑትን ምክንያቶች በሦስት ነጥቦች ማጠቃለል ይቻላል። አንደኛ፣ የመዝገበ ቃላት ጽሑፍ እንደ ባንክ ሒሳብ በየደቂቃው አይለወጥም፤ ስለዚህ ለፈጣን ለውጥ የተሠራ ዘዴ የሚያስከፍለው ዋጋ እዚህ ጥቅም አይሰጥም። ሁለተኛ፣ ተመራማሪው ነገ የሚጠይቀው ዛሬ ስለማይታወቅ፣ ዓምዶችን አስቀድሞ መወሰን ጥያቄውንም አስቀድሞ መገደብ ይሆናል። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ርእሰ ቃሉን፣ ፍቺውንና ጥቅሱን የሚለዩት ምልክቶች በራሱ በጽሑፉ ውስጥ መሆናቸው ነው። መፈለጊያው ቢጠፋ ማውጫው ብቻ ይጠፋል፤ ጽሑፉ ከነምልክቱ ይተርፋል።

ዘዴው ጉድለት አልነበረውም አንልም። ማውጫው ጽሑፉ በተለወጠ ቁጥር እንደገና መሠራት ነበረበት፤ ዘወትር ለሚታረም ሥራ ይህ ቀላል ዕዳ አይደለም። ቢሆንም ሦስተኛው ነጥብ በታሪክ ተረጋግጧል። ሁለተኛው እትም በ1989 በ20 ጥራዞች ወጣ፤ በ1992 በሲዲ፣ በ2000 ደግሞ በኢንተርኔት ቀረበ። መሣሪያው ደጋግሞ ሲለወጥ ጽሑፉ ተሻግሯል። ከዋተርሉው ሥራ በ1991 ኦፕን ቴክስት የተባለ ኩባንያ ተወለደ፤ በዚያው ሥራ የተሳተፈው ቲም ብሬይም በ1998 የወጣው የኤክስ.ኤም.ኤል. ደንብ አርታዒ ከነበሩት አንዱ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከ«ሰበረ» ሥር «ተሰበረ»፣ «አሰበረ»፣ «ሰባበረ»፣ «ሰባሪ»፣ «ስብራት» ይሰለፋሉ፤ የእያንዳንዱ ግሥ የርባታ ብዛት ስለሚለያይ፣ ለሁሉ እኩል ዓምድ ቢሰጥ ብዙው ባዶ ይቀራል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት በ«አበገደ» ተራ ሲደረደር፣ ሌሎች በ«ሀለሐመ» ይሄዳሉ፤ «ዓለም» እና «አለም» ተብሎም ይጻፋል። በእኛ አስተያየት ተራውንና የሞክሼ ፊደላትን አንድነት መወሰን የማውጫው ተግባር እንጂ የጽሑፉ አይደለም። ጽሑፉ ሊቁ እንደ ጻፈው ይቀመጥ፤ ማውጫው ግን በሁለቱም ተራ ይሠራለት፣ «ዓለም»ን ለፈለገም «አለም»ን ጨምሮ ያቅርብለት።

ስያሜውም ቢሆን ይህን ያግዛል። «የመረጃ ቋት» የሚለው ስም ማጠራቀሚያነቱን እንጂ ቅርጹን አይናገርም፤ «ሠንጠረዥ»ን ለአንደኛው ዓይነት ብቻ ትተን «ቋት»ን ለሁሉ መጠሪያ ብናደርገው፣ ተርጓሚው አንዱን ዘዴ ብቸኛ አስመስሎ ከማቅረብ ይድናል። የመዝገበ ቃላት ሥራ ለማስጀመር በጀት የሚጠይቅ ሁሉም ከመሣሪያው ስም አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይመልስ፤ ይህ መሣሪያ ሲያረጅ ጽሑፋችን ሳይጐድል ይወጣልን?