በዐረብኛ መስመሮች መሐል የመጣው ሥዕል

 

በሐሙሲትም ሆነ በደብረ ታቦር ለመድረሳ ልጆች የዓለምን ታሪክ ስናነሳ፣ «የአውሮፓ ህዳሴ የፈረንጆች ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አንዳንድ አባቶችም ይህንኑ ይዘው ልጃቸው ከኪታብ ሌላ እንዳይማር ይሻሉ።

ህዳሴ ወይም ሬነሳንስ የሚባለው የጥበብና የዕውቀት መነቃቃት በጣሊያን ከመጀመሩ በፊት፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የቶሌዶ ተርጓሚዎች የዐረብኛ ኪታቦችን ወደ ላቲን መልሰዋል። የኢብኑ ሲና የሕክምና ኪታብ «አል-ቃኑን» ከነዚህ አንዱ ነው። ስለ ብርሃንና ስለ ዓይን የጻፈውን ኢብኑል ሀይሠምንም፣ የፍሎረንሱ ቀራፂ ጊቤርቲ በጽሑፉ ውስጥ በሰፊው ተጠቅሞበታል።

ወደ አገራችን የመጣበት መንገድ ግን ይበልጥ ይገርማል። በ1584 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካርዲናል ፈርዲናንዶ ደ ሜዲቺ ሮም ላይ የዐረብኛ ማተሚያ ቤት አቋቋመ። ዓላማው በምሥራቅ አገሮች ሃይማኖቱን ማስፋፋት እንደነበረ ግልጽ ነው፤ ንግድም ነበረበት። ከሁሉ በፊት ካተማቸው መጻሕፍት አንዱ በ1591 የወጣው የዐረብኛ ወንጌል ነው፤ የፍሎረንሱ ተወላጅ አንቶኒዮ ቴምፔስታ ሥዕሎቹን ሠርቶ በእንጨት እየተቀረጹ ታተሙ። ያው ማተሚያ ቤት በ1593 «አል-ቃኑን»ን በዐረብኛ አወጣ። ወንጌሉ ወደ ሐበሻ ደረሰ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአገራችን ሠዓሊዎች ሥዕሎቹን እያዩ በግዕዝ ወንጌሎች ላይ ገለበጡ። ሥዕልን በተመለከተ የዲናችን አቋም የታወቀ ነው፤ እዚህ የምናወራው ስለ መንገዱ ነው። የህዳሴው ሥዕል ጎንደር የደረሰው በዐረብኛ መስመሮች መሐል ሆኖ ነው።

የኖራ ግንባታውም እንዲሁ ነው። ከእኛ ከደራ ወደ ጎጃም የሚያሻግረውን፣ ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለውን የአላታን ድልድይ ሕዝቡ «የፖርቹጋል» ይለዋል። በ1626 ግድም በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሲሠራ ግን ሥራውን የመራው ከህንድ የመጣ ባለሙያ እንደነበረ ኢየሱሳዊው አልሜይዳ ጽፏል።

አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላ ፊታቸውን ወደ የመን አዞሩ። የየመኑ ኢማም አል-ሙተወኪል ኢስማዒልም ቃዲ አል-ሐሰን አል-ሐይሚን ላኩ። በኢማሙ ዘንድ ንጉሡ ይሰልማሉ የሚል ተስፋ ነበር፤ ንጉሡ የፈለጉት ደግሞ በበይሉል በኩል የንግድ መንገድ ነበር፤ ሳይግባቡ ተለያዩ። ቃዲው ግን በ1648 ጎንደር ገብቶ ያየውን ጻፈ። በድንጋይና በኖራ የተገነባውን ቤተ መንግሥት አደነቀ፤ የገነባውም ህንዳዊ መሆኑን መዘገበ። ግንቡ አዲስ በነበረበት ጊዜ በዓይኑ ያየ ሰው ምስክርነት ነውና፣ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ይህ ኪታብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ጀርመንኛ ተተርጉሟል። በ1986 ደግሞ ቫን ዶንዜል የተባለ ሆላንዳዊ ምሁር ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል። የሁለቱም ተርጓሚዎች አገር ከጎንደር ምን ያህል እንደሚርቅ አስቡት! ዐረብኛውን ከልጅነቱ የሚቀራ ደረሳ ከጎንደር የአንድ ቀን መንገድ ላይ ተቀምጦ፣ የታሪክ ትምህርት ስለተከለከለ ብቻ የቃዲውን ስም እንኳ አልሰማም። ልጆቻችሁን ኮሌጅ ስትልኩ ዐረብኛቸውን ይዘው ይሂዱ።