ጨው የጨረሰው ደን፣ ባሕር ያለበሰው ቤት

እ.ኤ.አ. በ1652 ሌሶ ደሴት ላይ ጨው ማፍላት በንጉሥ ትእዛዝ ታገደ። ነገሩ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነበር፤ ደኑ ቀድሞ አልቋል። ሌሶ በዴንማርክና በስዊድን መካከል ባለው የካቴጋት ባሕር ላይ ያለች ዝቅተኛ ደሴት ናት። በደቡብ በኩል ካለው ለጥ ያለ ሜዳዋ ሥር የሚቀዳው ውሃ ከባሕሩ ራሱ በብዙ እጥፍ ይጨማል። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ሰዎች ይህን ውሃ በሰፋፊ የብረት መጥበሻዎች እያፈሉ ጨው አወጡ። እሳቱ እንጨት ሲበላ ኖሮ በመጨረሻ የሚበላው አጣ። ዛፍ ሲጠፋ ነፋሱ አሸዋውን አነሣ፣ አሸዋው እርሻውን አለበሰ። ቤት የሚከደንበት ገለባም እንደልብ አይገኝም ነበር።

ሰው ግን ቤት አልባ አይኖርም። ወራጅና ማገር የሚሆን እንጨት ከተሰበሩ መርከቦች ተለቀመ። ክዳኑን ደግሞ ባሕሩ ሰጠ፤ በየመኸሩ ማዕበሉ የባሕር ሣር እየነቀለ ዳርቻው ላይ ይከምራል። ይህ ሣር አልጌ አይደለም። ሥርና አበባ ያለው፣ ዘር የሚያፈራ ተክል ሲሆን፣ ሳይንቲስቶች ዞስቴራ ማሪና ይሉታል። ወንዶቹ ባሕር ላይ ስለሚውሉ ክዳን የሴቶች ሙያ ሆነ። ሣሩን ሜዳ ላይ አስጥተው ዝናብና ፀሐይ እያፈራረቁ ያደርቁታል። ከዚያ የመንደሩ ሴቶች ተጠራርተው በደቦ ይወጣሉ። ከታችኛው ማገር ላይ ወፍራም ገመድ አድርገው እየገመዱ ያስሩታል፣ ከላይ ልቅ ሣር ይቆልላሉ፣ በእግራቸው እየረገጡ ያጠብቁታል። ሲያልቅ ክዳኑ እስከ አንድ ሜትር ይወፍራል፤ ክብደቱም በአሥርት ቶኖች ይቆጠራል። እኛ አገር የሣር ክዳን በጥቂት ዓመታት ይታደሳል። ከሌሶ ክዳኖች መካከል 300 ዓመት ያህል የቆዩ አሉ።

እኔ ኬሚስትሪ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሁን የምኖረው ኦልቦርግ በምትባል የዴንማርክ ከተማ ነው፣ ከደሴቲቱ ብዙም አትርቅም። ከአሮጌዎቹ ቤቶች በአንዱ ፊት ቆመን አስጎብኚው «ግፊው፣ አይጎዳም» አለኝ። ክዳኑ እስከ ደረቴ ዝቅ ብሎ ወርዷል። መዳፌን ስጭነው ትንሽ ሰጠም ብሎ መልሶ ገፋኝ። ከሥሩ የወደቀች አንዲት ቅጠል አነሣሁ፤ ከትንሿ ጣቴ የምትቀጥን ግራጫ ጥብጣብ ናት። ብጠመዝዛት አልተሰበረችም፣ ባሻት አልተፈረፈረችም። ታዲያ ይህን ያህል ዘመን ዝናብ የመታው ቅጠል ለምን አልበሰበሰም?

የደሴቲቱ ሰዎች መልሳቸው አጭር ነው፦ ጨው። እውነት አላቸው፣ ግን ጨው ብቻ አይደለም። ቅጠሉ በሕይወት ሳለ ፊኖሊክ የሚባሉ ውሁዶችን ይሠራል። አንዱ ካፌይክ አሲድ ነው፤ ቡናችን ውስጥም አለ። ሌላው ሮዝማሪኒክ አሲድ ነው፤ በጥብስ ቅጠልና በበሶብላ ውስጥ ይገኛል። ሦስተኛው ስሙን ከሣሩ የወሰደው ዞስቴሪክ አሲድ ነው፤ ባክቴሪያና ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ቅጠሉ ላይ እንዳይለጠፉ ይከላከላል። እንዲህ ባሉ ውሁዶች የበለጸገ ቅጠል ከሞተም በኋላ ለአብስባሾች ቶሎ እጅ አይሰጥም።

እነዚህ ውሁዶች ግን መጠናቸው ቋሚ አይደለም። ያው ተክል እንደሚኖርበት ውሃ ሌላ ይሆናል። ብርሃን ሞልቶ ናይትሮጂን ሲያንስ፣ ሣሩ ለእድገት ያልዋለውን ካርቦን ፊኖሊክ መሥሪያ ያደርገዋል። ናይትሮጂን ሲበዛ ካርቦኑ ወደ አሚኖ አሲድ ይዞራል፤ መከላከያው ይሳሳል። ውሃው ሲደፈርስ ደግሞ ከመሬት በታች ባለው ግንዱ ያከማቸውን ስኳር እየበላ ይከርማል። ጭቃው ኦክስጅን ካጣ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ በሥሩ በኩል ገብቶ ይመርዘዋል። የባሕር ተመራማሪው ካርሎስ ዱዋርቴ በ1990 ከ30 ቦታዎች የተሰበሰቡ 27 የባሕር ሣር ዝርያዎችን መረጃ ሲያጠናቅር፣ የቅጠሉ ናይትሮጂን በአማካይ ከደረቅ ክብደቱ 1.92 በመቶ፣ ፎስፈረሱ 0.23 በመቶ ሆኖ አገኘው። ቅጠል ተመርምሮ ከዚህ በጣም ካነሰ ወይም ከበዛ፣ ውሃው ምን እንደጎደለው ወይም ምን እንደበዛበት ፍንጭ ይሰጣል።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአትላንቲክ ሁለት ዳርቻዎች ያለው ሣር በወረርሽኝ አለቀ። ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል፣ ይሰፋል፣ ሣሩ ይሞታል። በብዙ ቦታ ከመቶው 90 እጅ በላይ ጠፋ። ጨዋማነቱ ዝቅ ባለ ውሃ ያደገው ግን በአብዛኛው ተረፈ፤ በሽታ አምጪው ላቢሪንቱላ እንዲህ ያለ ውሃ አይመቸውም። ሣሩን ለፍራሽ መሙያና ቤትን ከብርድ ለመከላከያ የሚሸጡ ነጋዴዎች ሁሉ ሸቀጣቸውን አጡ። ቦስተን ላይ ሣሩን በወረቀት መካከል ሰፍቶ የሚሸጠው የሳሙኤል ካቦት ንግድም ከዚሁ ሣር ላይ የቆመ ነበር። ሌሶ ላይ ለጥገና የሚሆን ሣር ስለጠፋ፣ ያረጀው ክዳን በሌላ ተተካ። ከእናት ወደ ልጅ ይወርድ የነበረውም ሙያ ተቋረጠ። ዛሬ የቀሩት ጥንታዊ ክዳኖች 20 ገደማ ናቸው።

ሣሩ ከበሽታው በከፊል አገገመ፤ ከማዳበሪያው ግን አላመለጠም። በ1900 አካባቢ በዴንማርክ ግልጽ ባሕር የባሕር ሣር እስከ 7 እና 8 ሜትር ጥልቀት ያድግ ነበር፤ በ1990ዎቹ ወደ 4 እና 5 ሜትር ወጣ። ከእርሻ የታጠበው ናይትሮጂን አልጌን አብዝቶ ብርሃኑን ጋርዶበታል፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስም የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በ1986 ኦክስጅን ያጣው ካቴጋት ውስጥ የሞቱ ሎብስተሮች በቴሌቪዥን ሲታዩ አገሩ ደነገጠ። በማግስቱ ዓመት ፓርላማው ናይትሮጂንን በግማሽ፣ ፎስፈረስን በ80 በመቶ የመቀነስ ዕቅድ አጸደቀ። ሣሩ ግን በዝግታ ነው የሚመለሰው።

በ2013 ሌሶ ላይ በባሕር ሣር የለበሰ አዲስ ዘመናዊ ቤት ተሠርቷል፤ አሮጌዎቹም እየተጠገኑ ነው። ለጥገናው የሚሆነው ሣር ግን ከሌሎች የዴንማርክ ደሴቶች ጭምር ይመጣል። እንግዲህ ሙያው ተመለሰ ለማለት እቸኩላለሁ? አልቸኩልም። የሌሶ ሴቶች ስለ ናይትሮጂን ሳይሰሙ ጥሩ ክዳን የከደኑት ባሕራቸው ጥሩ ሣር ስለሰጣቸው ነው። አሁን የሚከድነው ሰው የቱንም ያህል ቢሠለጥን፣ ክዳኑ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚወስነው ማዳበሪያውን የሚመዝነው ገበሬም ጭምር ነው።