በመላጊያ ግንባር ላይ የታተመ ስም

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዕድሜያቸውን በአናጢነት አሳልፈው ሲያርፉ ከመሮውና ከመጋዙ ጋራ ሁለት መላጊያዎች አወረሱኝ፤ አንደኛው ብረት፣ ሁለተኛው ደግሞ ሙሉ አካሉ ከእንጨት የተቀረጸ፣ ስለቱም በሽብልቅ የሚጠብቅ፣ በወጣትነታቸው ከአንድ የባሕር ማዶ ሰው በእጅ የገዙት ነበረ። በእንጨቱ መላጊያ ግንባር ላይ፣ ይኸውም ወደ ፊት በሚያየው ጠባብ ጫፍ ላይ፣ እድፍና ዘይት የሞላቸው ጥቃቅን ፊደላት ታትመው ነበር፤ እኔም ገና ጎረምሳ ነበርሁና የአባቴን ዕቃ ያከበርሁ መስሎኝ ያን ግንባር በሰባራ ጠርሙስ ፍቄ ፍቄ አዲስ እንጨት አስመሰልሁት። የፋቅሁት የሠሪው ስም መሆኑን ያስተዋልሁት ብዙ ዘመን ቈይቼ የዚህን መሣሪያ ታሪክ መመርመር ከጀመርሁ ወዲህ ነው።

የመላጊያ ዘመኑ ሩቅ ነው። የቬሱቪዮስ ተራራ በ79 ዓመት (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) ባፈነዳው አመድ በተቀበረችው በፖምፔ ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ የሮማውያን መላጊያ ተገኝቷል፤ ስለቱ በአካሉ መካከል በተቀደደ አፍ ውስጥ አጋድሞ መቀመጡ፣ ከሥሩም የሚወጣው ፍቅፋቂ በዚያው አፍ ሽቅብ መውጣቱ ከዚያን ጊዜ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። በግእዝ አናጢን ጸራቢ ይሉታል፤ ቃሉም በአማርኛ ጠረበ ከምንለው ጋራ አንድ ሥር ነው። መጥረብ ግን ለእንጨቱ መልክ ማውጣት ሲሆን መላግ የወጣውን መልክ ማቅናትና ማለስለስ ነውና፣ በጠራቢና በላጊ መካከል ያለውን ርቀት እጁ ያልለመደ ሰው በቀላሉ አይረዳውም።

ስም ወደ ማተሙ ነገር ስመለስ፣ ልቤ ሁልጊዜ የሚሄደው በሰሜን አሜሪካ በማሳቹሴትስ ወደምትገኘው ሬንተም ወደምትባለው ትንሽ ከተማ ነው። በዚያች ከተማ ከ1683 እስከ 1753 የኖረው ፍራንሲስ ኒኮልሰን በአሜሪካ ምድር ሥራው በጽሑፍና በማኅተም ከታወቀ መላጊያ ሠሪ ሁሉ የቀደመ ነው። በሚሠራው መላጊያ ግንባር ላይ ስሙን፣ ከስሙም በታች «በሬንተም የሚኖር» የሚል ቃል በብረት ማኅተም እየመታ ይሸጥ ነበር። በኒኮልሰን ቤት ሲዛር ቼሎር የሚባል አንድ ጥቁር ሰው በባርነት ይኖር ነበር፤ ጥበቡንም ከጌታው ተምሮ ከእርሱ ጋራ ሲሠራ ኖረ። ኒኮልሰን በ1753 ሲሞት በኑዛዜው ቼሎርን ነጻ አወጣው፤ መኝታውንና ልብሱን፣ የሥራ ጠረጴዛውንና መሣሪያውን፣ ከእንጨቱም ክምችት ድርሻ፣ 10 ኤከር መሬትም (4 ሔክታር ያህል ነው) ሰጠው።

ነጻነት ያገኘውም ቼሎር በዚያው ከተማ መላጊያ መሥራቱን ቀጠለ፤ በ1758ም ሚስት አገባ። አሁን እጅግ የሚያስደንቀኝን ነገር ልናገር። ቼሎር የራሱን ማኅተም ባስቀረጸ ጊዜ ያጻፈው የራሱን ስም፣ ከስሙም በታች «በሬንተም የሚኖር» የሚለውን ያንኑ የጌታውን ቃል ነበረ። ትናንት ራሱ በንብረት መዝገብ ከዕቃ ጋራ ሊቈጠር ይችል የነበረ ሰው ዛሬ በዕቃው ላይ ስሙን ያትማል፤ የእከሌ ነው መባሉ ቀርቶ የሚኖርበትን አገር ይናገራል። በማሳቹሴትስ ባርነት በፍርድ ቤት ውሳኔ የወደቀው በ1783 ሲሆን ቼሎር ያረፈው በማግሥቱ ዓመት በ1784 ነው። የዚህ ሰው የእጅ ሥራ የሆኑ መላጊያዎች ዛሬ በቤተ መዘክር በክብር ተቀምጠዋል፤ ይህም ክብር የተገኘው በጣት ስፋት ቦታ ላይ የታተሙትን ፊደላት ማንም ሳይፍቃቸው በመቅረቱ ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የእኔ ሰባራ ጠርሙስ ትዝ አለኝ።

እንግዲህ ከአባቱ ወይም ከአያቱ የእንጨት መላጊያ የወረሰ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ግንባሩን በጨርቅ ብቻ ጠርጎ፣ መብራትን ከጐን አስጠግቶ ይመልከት፤ ብርሃን አጋድሞ ሲመጣ የጠፉ የሚመስሉ ፊደላት በጥላቸው ይነበባሉና። በአንድ መላጊያ ላይ ሁለትና ሦስት ስም ቢገኝ አይደነቅ፤ በግንባሩ መካከል ተስተካክሎ የታተመው ብዙ ጊዜ የሠሪው ሲሆን፣ በጐንም በኋላም እየተደጋገመ የተመታው መሣሪያው እንዳይጠፋበት የሚሠጋ የባለቤቱ ነው፤ ባለቤቶችም ሲለዋወጡ ስማቸው እንደ ትውልድ ሐረግ ይደራረባል። ስም ባይገኝ እንኳ አካሉ ይመሰክራል፤ በጠርዝ ላይ ጌጥ የሚያወጡት የአሜሪካ መላጊያዎች በ18ኛው ምዕት ዓመት 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ነበራቸውና የላይኛው ጠርዛቸው በሰፊውና በጠፍጣፋው የተቈረጠ ነበር፤ በ1800 ገደማ ግን ርዝመታቸው ወደ 24 ሳንቲ ሜትር ወረደ፣ ጠርዛቸውም እየጠበበና እየከበበ ሄደ። ስለቱ ላይ የሚገኘው ማኅተም ግን የብረት ሠሪው ነውና ከአካሉ ሠሪ ጋራ ሊደባለቅ አይገባም።

የብረቱ መላጊያ ታሪክ አጭር ነው። ሊዮናርድ ቤይሊ የሚባል የቦስተን ሰው ስለቱን በነሐስ ክብ ቡሎን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ዘዴ ፈልስፎ በ1867 የባለቤትነት መብት አገኘ፤ በ1869ም የኮነቲከቱ የስታንሊ ኩባንያ ሥራውን ገዛው። ስለቱን ወደ ግራና ቀኝ የምታዘነብለው ትንሽ ዘንግ በ1884 ተፈለሰፈች፤ ስለዚህ ይህች ዘንግ ያልነበረችበት የስታንሊ መላጊያ ብዙ ጊዜ ከዚያ የቀደመ ነው። የአባቴ መላጊያ ግንባሩ ላይ «ቤይሊ» የሚል ቃል አብሮ ተቀልጦ ወጥቷልና ከ1902 ወዲህ የተሠራ ነው፤ ከስለቱ ሥር ካለው አልጋ በስተኋላ ከተጻፉት ዘመናትም የመጨረሻው 1910 ስለሆነ ከዚያ ሊቀድም አይችልም። ቍጥሩ 5 ነው፤ ርዝመቱ 35 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል። የኋላ እጀታው የአባቴ አውራ ጣት በሚያርፍበት በኩል ጐድጕዷል፤ የእኔ አውራ ጣት ከዚያ ጐድጓዳ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ቦታ ይተርፈዋል።

የተወረሰ መላጊያ ለመታየት ብቻ ባይቀመጥ እወዳለሁ። በብረቱ ላይ ያለው ዝገት በዘይትና በሻካራ ጨርቅ ይለቃል፤ ስለቱ በመሳያ ድንጋይ ላይ በ25 ዲግሪ ያህል ሲሳል ጀርባውም አብሮ መቅናት አለበት፣ ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። የእንጨቱን መላጊያ ስለት ማውረድ ሲፈለግ ስለቱ ራሱ በትንሽ መዶሻ ይነካል፤ ማንሣት ሲፈለግ የኋላ ጫፉ ይመታል፣ ከዚያም ሽብልቁ እንደገና ይጠብቃል። ሲላግ የእንጨቱን ጅማት አካሄድ መከተል ነው፤ በጅማቱ ላይ ተቃውሞ የሚሄድ ስለት ይቦጭቃል፣ ጕጥ ሲያጋጥመውም ይዘላል። ሲጀመር የፊት እጅ ይጫናል፣ ሲጨረስ የኋላው፤ አባቴ ይህን በቃል አስተምረውኝ አያውቁም፣ እጃቸውን በእጄ ላይ ጭነው አብረን እንገፋ ነበር እንጂ።

ባለፈው ሳምንት በእንጨቱ መላጊያ የአንድ ሣጥን ክዳን ላግሁ። ፍቅፋቂው እንደ ብራና ስስ ሆኖ እየተጠቀለለ ወጣ፣ የዝግባውም ሽታ ቤቱን ሞላው። ከጨረስሁ በኋላ መብራቱን ወደ ግንባሩ አስጠግቼ አጋድሜ ያዝሁት፤ የጠርሙሱ ጭረት ብቻ ታየኝ።